የሕፃን ልደት ቀን አከባበር ታሪክና የቤት ውስጥ ትንሽ ግብዣ



ዛሬ የማሰማችሁ ንግግር ርእሱ ትንሽ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገሩ ስለ አንድ ሕፃን የልደት ቀንና በዚያ ቀን በቤት ውስጥ ስለሚደረግ አነስተኛ ግብዣ ነው። ሆኖም ከትንሽ ነገር ውስጥ ረዥም ታሪክ የሚገኝበት ጊዜ አለና ጥቂት ታገሡኝ። በከተማ የምንኖር የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ ጉዳይ በሁለት ወገን ተከፍለናል። አንደኛው ወገን የልደት ቀን ማክበር ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ለአባቶቻችን እንግዳ የሆነ ልማድ ነው ሲል ይነቅፋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ባለብዙ ደርብ ኬክ ያልተቈረሰለትን፣ አዳራሽ ያልተከራዩለትን ሕፃን እንደ ተበደለ ይቈጥረዋል፤ ለዚሁም ሲል የሚመጣውን ወር ደመወዝ አስቀድሞ ይበደራል። ሁለቱም ወገኖች ያገራቸውን ታሪክ ቢመረምሩ ኖሮ ፊተኛው ነቀፋውን፣ ኋለኛውም ብድሩን በተወው ነበር።

ምርመራውን ከአንድ ስፍራ ስም ልጀምር። ቤተ ልሔም ማለት በዕብራይስጥ ቋንቋ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። ባገራችን ይህ ስም ሦስት ነገሮችን ይጠራል። ፊተኛዋ ጌታ የተወለደባት የይሁዳ ከተማ ናት። ሁለተኛዋ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ለቅዳሴ የሚቀርበው ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት ናት፤ ምእመናን ሁሉ በአጠገቧ ያልፋሉ እንጂ ስለ ስሟ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ሦስተኛው በጥንቱ አጠራር በቤጌምድር፣ በዛሬው አከፋፈል በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በጋይንት የሚገኘው ታላቅ ደብር ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ቤተ ልሔም ሲባል ልቡ አስቀድሞ ወደዚህ ደብር ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓክናም የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት ወደዚህ ደብር ደርሶ ነበር። ከውጭ ሲያየው እንደ ብዙዎቹ የደጋ አድባራት ክብና ሣር ክዳን ሆኖ አገኘው። ወደ ውስጥ በገባ ጊዜ ግን ክቡ ሕንፃ ልብስ ብቻ መሆኑን፣ በውስጡም ከጥርብ ድንጋይ የታነጸ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን መሸፈኑን ተመለከተ። ስለ ጉዞውም በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፎአል። በውጭ አገር ጽሑፎች ፓክናም ይህን ቤተ ክርስቲያን «አገኘ» ይባላል፤ የደብሩ ካህናት ግን ከዚያ በፊት ባሉት ዘመናት ሁሉ በየዕለቱ ያገኙት ነበር።

ቤተ ልሔም በሊቃውንቱ ዘንድ የታወቀው ስለ ሕንፃው ሳይሆን ስለ ድጓው ነው። ዙር አምባ ለዝማሬና ለመዋሥዕት፣ ጎንደር ለአቋቋም እንደሚጠሩ ሁሉ ቤተ ልሔም ለድጓ ይጠራል። የድጓ ተማሪ በየአገሩ መምህር ሲያስተምረው ኖሮ፣ ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከመንደር መንደር ቍራሽ እየለመነ ዓመታት ካሳለፈ በኋላ፣ በመጨረሻ ወደዚህ መጥቶ ያስመሰክራል። ማስመስከር ማለት ተማሪው የያዘውን ቃልና ዜማ በመምህሩ ፊት አሰምቶ፣ በትክክል የያዘ ለመሆኑ ምስክር ማግኘት ነው። ይህን ቃል አድማጮች በልባቸው እንዲይዙልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ ስለ ሕፃናት ዕድሜ በምናገርበት ጊዜ ያስፈልገናልና።

ድጓ የዓመቱን በዓላት በየተራቸው የሚያስኬድ መጽሐፍ ነው። ከእነዚያም በዓላት አንዱ የልደት በዓል ነው። ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ልደት የምታደርገውን ዝግጅት ብንመለከት የሚያስደንቅ ሥርዓት እናገኛለን። ጾሙ ኅዳር 15 ቀን ይጀምራል። በታኅሣሥ ወር ውስጥ ደግሞ ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ የተባሉት ሦስት እሑዶች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም የራሳቸው ዜማ ተሰጥቶአቸዋል። በዓሉ በታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ያለፈው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለ ነበረች በ28 ይውላል። እንግዲህ አንዲት ቀን እንዳትስት አንድ ሙሉ የሊቃውንት ሠራዊት ሲቈጥር ይኖራል ማለት ነው። የልደት ቀን ማክበር ለኢትዮጵያ እንግዳ ነው የሚለው ወገን ይህን ሳያስተውል የሚናገር ይመስለኛል።

እንዲያውም ያገራችን የቀን መቍጠሪያ በልደት በዓላት የተሞላ ነው። ግንቦት 1 ቀን ልደታ ለማርያም፣ ሰኔ 30 ቀን የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት፣ ታኅሣሥ 24 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደት ይከበራሉ። ከጋይንት በጨጨሆ በኩል አልፎ ወደ ላስታ የሚሻገር መንገደኛ ደግሞ በገና ዕለት ቅዱስ ላሊበላ ደርሶ ሁለት ልደት ባንድነት ሲከበር ያያል፤ ንጉሡ በዚያው ቀን እንደ ተወለደ፣ በተወለደም ጊዜ ንቦች እንደ ከበቡት ይተረካልና።

አሁን ከደብሩ ወጥተን ወደ ባላገሩ ቤት እንግባ። ባንዲት የጋይንት መንደር ሴት ምጥ በያዛት ጊዜ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው የእመቤታችንን ስም ይጠራሉ። ሕፃኑ ሲወለድ እልልታ ይሰማል፤ ቍጥሩ እንደየአገሩ ይለያያል፣ ለወንድ ልጅ ግን ይበዛል፣ ለሴት ልጅ ያንሳል። ገንፎ ተገንፍቶ፣ መካከሉ በቅቤ ተሞልቶ፣ ሴቶች ይቀምሳሉ። ጠያቂ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ ክርስትና አባት ወይም ክርስትና እናት ቆሞ ይቀበላል፤ ማተብ ይታሰራል፤ ወልደ እገሌ፣ ወለተ እገሌ የሚል የክርስትና ስም ይወጣል። በዚያም ቀን እንደ ቤቱ አቅም ድግስ ይደረጋል። እነሆ፣ የአባቶቻችን የሕፃን ግብዣ ይህ ነበረ።

ይሁን እንጂ ይህ ግብዣ በየዓመቱ አይመለስም። የሚመለሰው የቅዱሱ ቀን ነው። እናት ልጇን መቼ ወለድሽው ተብላ ስትጠየቅ «በኅዳር፣ የሚካኤል ዋዜማ» ብላ ትመልሳለች፤ ይህም ኅዳር 11 ማለት ስለ ሆነ ማንም መዝገብ ከዚህ የበለጠ ሊነግረን አይችልም። ሚካኤል በየወሩ በ12 ይመለሳልና ቀኑን ልትረሳው አትችልም። ዓመቱን በጠየቃችኋት ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብልህ የሆነች እንደ ሆነ «በዘመነ ማርቆስ» ትላለች። ወንጌላውያኑ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስለሚመለሱ ይህ መልስ ጠቃሚ ነው፤ ልጁ ዐሥር ወይም ዐሥራ አራት ዓመቱ ሊሆን ይችላል፣ ዐሥራ ሁለት ግን ሊሆን አይችልም። ሌሎች ደግሞ በታወቀ ነገር ይቈጥራሉ። ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ የወረደው ታላቅ ረኃብ «ክፉ ቀን» ተባለ፤ በ1911 ዓ.ም. የደረሰው ወረርሽኝ «የኅዳር በሽታ» ተባለ፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያለው ዘመን «የጣልያን ጊዜ» ተባለ፤ ከዚያ ወዲህም «የ77 ድርቅ» መጣ። እገሌ በክፉ ቀን ማግስት ተወለደ፣ እገሊት ጣልያን ሲወጣ ጡት ትጠባ ነበር ይባላል። ባጭሩ፣ ባገራችን የልደት ቀኑ ይጠበቅ ነበር፤ የሚጠፋው ዓመቱ ነው።

ዓመት መጥፋቱ በድኻው ቤት ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ በጋይንት ተራሮች ላይ እያስጐተቱ ወደ መቅደላ የተጓዙት ዐፄ ቴዎድሮስ የተወለዱበትን ዓመት በተመለከተ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ በአንድ ቃል አይስማሙም። የዐፄ ምኒልክ ግን ይታወቃል፤ በአንጎለላ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ተወለዱ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁም እንደዚሁ ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 1861 ነው።

ስለዚህ ልጅ ጥቂት መቈየት ያስፈልገኛል። አባታቸው በመቅደላ ራሳቸውን የገደሉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በፈረንጆች ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ይሆናል። ቍጥሩን ብናሰላው፣ ልዑል ዓለማየሁ ሰባት ዓመት የሞላቸው አባታቸው በሞቱ በዐሥረኛው ቀን፣ የእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕር በሚመለስበት ጊዜ ነበረ። እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ በዚያ ቀን ገና በሕይወት ነበሩ፤ ግን ታመው ነበርና በሚቀጥለው ወር በመንገድ ላይ ዐረፉ። ሰባተኛው የልደት ቀን ለዚያ ሕፃን እንዴት እንደ ዋለ እያንዳንዱ ወላጅ በልቡ ይገምተው። ልዑሉ በእንግሊዝ አገር አድገው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1879፣ በ18 ዓመታቸው ሞቱ፤ በዊንዘርም ተቀበሩ። ዕድሜያቸውን እንዲህ በትክክል መናገር የቻልነው ቀኑም ዓመቱም ስለ ተጻፈ ነው። በዚያው ዓመት በጋይንት የተወለዱት ልጆች ስንት ዓመት እንደ ኖሩ ለመናገር ግን የሚችል የለም።

በከተማው ሕዝብ ዘንድ «የልደት ቀን» የሚለው አነጋገር የተለመደው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ይመስለኛል። ንጉሠ ነገሥቱ በኤጀርሳ ጎሮ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ስለ ተወለዱ፣ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ከዙፋን እስከ ወረዱበት ጊዜ ድረስ ሐምሌ 16 የመንግሥት በዓል ሆኖ ይከበር ነበር። በገና በዓል ደግሞ ለተማሪዎች ስጦታ ያድሉ እንደ ነበረ በዚያ ዘመን ተማሪ የነበሩ ሰዎች ያስታውሳሉ። በዚያን ጊዜ ሕፃኑ የሚያየው የትልቅ ሰው ልደት ሲከበር ነበር፤ የገዛ ልደቱን ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

በሌላው ዓለምም ነገሩ ሲጀመር የታላላቅ ሰዎች ነበር። ኦሪት ዘፍጥረት ፈርዖን በተወለደበት ቀን ለሹሞቹ ግብር እንዳበላ ይናገራል፤ በዚያው ቀን ግን የእንጀራ አበዛዎቹ አለቃ ተሰቀለ። በወንጌልም ሄሮድስ የልደት ቀኑን ሲያከብር የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ ተቈረጠ። በዚህም ምክንያት የእስክንድርያው አርጌንስ በሦስተኛው መቶ ዓመት ስለዚህ ነገር ሲጽፍ፣ በመጻሕፍት ውስጥ ልደታቸውን ያከበሩት ኃጢአተኞች ብቻ ናቸው ብሎ አጥብቆ ነቀፈ። ዛሬ ልማዱን የሚነቅፉት ወገኖቻችን አርጌንስን የሚያህል ጠበቃ እንዳላቸው ባለማወቃቸው ሳይጐዱ አልቀሩም። በሌላ በኩል ሄሮዶቱስ የተባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ፣ የፋርስ ሰዎች ከቀኖች ሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት የተወለዱበትን ቀን እንደ ነበረና በዚያ ቀን ገበታቸው ከወትሮው እንደሚበዛ መስክሮአል። በኬክ ላይ ሻማ አብርቶ ለሕፃን ማክበር ግን በጣም የቅርብ ነገር ነው፤ በጀርመን አገር በ18ኛው መቶ ዓመት ተስፋፋ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚዘመረው የልደት መዝሙር ዜማው እ.ኤ.አ. በ1893 በአሜሪካ፣ በኬንታኪ፣ ሂል የተባሉ ሁለት እኅትማማቾች ለሕፃናት ትምህርት ቤት የጠዋት ሰላምታ እንዲሆን ያዘጋጁት ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ የሕፃን ልደት በሻማ ማክበር ለፈረንጅም ቢሆን የጥንት አባቶቹ ልማድ አለመሆኑን ነው።

እኛ ግን ከሻማው በፊት የነበረ የልደት ግብዣ አለን። ይኸውም የግንቦት ልደታ ነው። ከአድማጮቼ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ያዩት ስለ ሆነ ሥርዓቱን ዘርዝሬ ማድከም አያስፈልገኝም፤ የሚታሰበው ግን ምን ያህል በጥንቃቄ የተሰናዳ ግብዣ መሆኑ ነው። እመቤታችን በሊባኖስ ተራራ በሜዳ ተወልዳለች ስለሚባል በዓሉ ከቤት ውጭ ይደረጋል፤ ስለዚህ አዳራሽ አያስፈልግም፣ ጠባብ ቤት ያለውም አያፍርም። ስንዴው፣ ባቄላውና ሽምብራው ባንድ ማሰሮ ተቀቅሎ ንፍሮ ይሆናል። አንዷ ዳቦ ትጋግራለች፣ ሌላዋ ቡና ታፈላለች፣ ሦስተኛዪቱ ቄጠማ ትጐዘጕዛለች፤ ወጪው በአንድ ሰው ላይ አይወድቅም። ሕፃናት ተጠርተው የሚመጡ ሳይሆኑ ባለቤቶች ናቸው፤ ንፍሮውን በእፍኛቸው የሚቀበሉት እነርሱ ናቸው። ሽማግሌ ወይም አሮጊት ዳቦውን ባርኮ ይቈርሳል፤ ሁሉም «ለከርሞ ያድርሰን» ይላል። ከዚያም ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። የልደት ግብዣ እንዴት መሰናዳት እንዳለበት ለመማር የሚፈልግ ወላጅ ከዚህ የተሻለ መምህር የሚያገኝ አይመስለኝም።

አሁን፣ ይህ ሁሉ ታሪክ ለመንግሥት ሠራተኛ ምን ይረባዋል የሚል ይኖር ይሆናል። እጅግ ይረባዋል። የጠፋው ዓመት በሰው ሕይወት ላይ የሚያደርሰውን ጕዳት በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የሚሠሩ ያውቁታል። ሠራተኛው በመጀመሪያ ሲቀጠር በቅጹ ላይ በግምት ያስሞላው ዕድሜ ጡረታው እስኪደርስ ድረስ ተከትሎት ይሄዳል፤ ኋላ ቢለምንም፣ ቢያመለክትም በቀላሉ አይታረምለትም። ከዚህ የሚከፋው ግን በሴቶች ልጆች ላይ የሚደርሰው ነው።

በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ፣ በሌላውም የጎንደርና የጎጃም ባላገር ሴት ልጅን ገና በሕፃንነቷ መዳር የቆየ ልማድ ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድ 18፣ ሴት 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳይጋቡ ከለከለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሁለቱንም 18 አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ አጸና። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚጠይቀው ዓመት ነው፤ መንደሩ የያዘው ደግሞ ቀን ብቻ ነው። ዳኛው «ይህች ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አባትየው «ዐሥራ ስምንት» ይላል፤ እናትየው ዝም ትላለች፤ ሕፃኒቱም ራሷን አታውቅም። ያን ጊዜ ሐኪም አጥንቷን መርምሮ እንዲገምት ይታዘዛል፤ ግምቱም አንድ ሁለት ዓመት ወዲያና ወዲህ ሊል የሚችል ነው። በዚያች አንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርቷ ይቀራል፣ በልጅ ሰውነቷም ትወልዳለች።

መዝገብ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲኖር በ1952 ዓ.ም. ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ስለ መዝገቡ የተጻፈው ክፍል ወደፊት ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ እንዲቈይ ያው ሕግ ራሱ ስላዘዘ፣ ሳይሠራ ዘመናት አለፉ። በ2004 ዓ.ም. የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ አዋጅ ወጣ፤ ምዝገባውም በመላ አገሪቱ በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። ከመጀመሪያው ሕግ እስከ መጀመሪያው መዝገብ ድረስ 56 ዓመት አለፈ ማለት ነው። ሦስት ትውልድ ሊባል በሚችል ጊዜ ውስጥ የሕፃናት ዕድሜ ምስክር እናት፣ አያትና ክርስትና አባት ብቻ ነበሩ። በአዋጁ መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ይህ ቀነ ገደብ ለባላገሩ ከባድ የሚመስለው ከክርስትናው ጋር ሳያያይዝ ሲያስበው ነው፤ ሴት ልጅ ክርስትና በምትነሣበት በ80 ቀኗ ገና 10 ቀን ይቀራታል፤ ለወንዱም ልጅ 50 ቀን ይተርፋል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በቀበሌው በኩል ማለፍ ነው።

ቀደም ሲል ስለ ቤተ ልሔም ያነሣሁት የማስመስከር ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ድጓው በቃል የጸናው ተማሪው ብቻውን ስለ ያዘው አይደለም፤ በየጊዜው በሚሰሙ ሰዎች ፊት ስለሚደገም ነው። የሕፃን ዕድሜም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ የተጻፈ ወረቀት ይጠፋል፣ ይቃጠላል፣ አይጥ ይበላዋል። በየዓመቱ ጎረቤት ተሰብስቦ «ዛሬ አራት ዓመት ሞላት» ብሎ ዳቦ የቈረሰላት ልጅ ግን አሥር አሥራ አምስት ምስክር አላት። ከእነዚህ ሰዎች ፊት ያቺን ልጅ በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ዐሥራ ስምንት ሞላት ብሎ ለመዳር የሚደፍር አባት ቢገኝም ቢያንስ ፊቱ ይቀላል። እንግዲህ ይህ ልማድ የከተማ ልጆች መጫወቻ ሆኖ ከሚቀር ይልቅ ወደ ባላገሩ ቢዘልቅ የበለጠ ይጠቅም ነበር እላለሁ።

ወደ ቤታችን ግብዣ እንመለስ። ሕፃን ልጅ ብዙ ሰው ሲያይ ይደነግጣል፤ ለሦስት ዓመት ልጅ ሦስት ወይም አራት ጓደኞች፣ አያቶቹና የቅርብ ጎረቤት ይበቁታል። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦችን መጥራት ልጁን ማክበር አይደለም፤ የሦስት ዓመት ሕፃን የመምሪያ ኃላፊውን ማዕርግ አያውቅም። ሰዓቱም ልጁ ከቀትር እንቅልፉ ከተነሣ በኋላ፣ ከ9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ቢሆን ከሁለት ሰዓት አያልፍም፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ልቅሶ ነው።

ስለ ምግቡ፣ የእንጀራ ቤት የሚለውን ስም ያነሣሁት በከንቱ አልነበረም። ድፎ ዳቦ ከማንኛውም ኬክ ይልቅ ለዚህ በዓል ይስማማል። ሊጡ ከዋዜማው ተቦክቶ ያድራል፤ በማግስቱ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ይጋገራል፤ ኮባ ካልተገኘ በኤሌክትሪክ ምጣድም ይበስላል። ቅቤና እንቍላል ሳይገባበት ሊጋገር ስለሚችል፣ ልደቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ወይም በዐቢይ ጾም ውስጥ ቢውል እንኳ አያት ሳትቀምስ አትሄድም። የእስላም ጎረቤት ልጆችም ያለ ሐሳብ ይበሉታል፤ በሥጋ የሚለያዩ ቤቶች በዳቦ ይገናኛሉና። ከዳቦው ጋር ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ የተላጠ ብርቱካንም ቢቀርብ ገበታው ሞላ። ቆሎና ፈንዲሻ ግን ለታላላቆቹ ልጆች ነው፤ ከአራት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዳያንቃቸው ለስላሳውን ብቻ ይስጡአቸው። ለሕፃናት የሚጠጣው ብርዝ ይሁን፤ ለታላላቆች ቡና ይበቃል። መጠጥ የሚፈልግ እንግዳ ለልጁ ሳይሆን ለራሱ የመጣ ነው። ሻማ የሚወድ ያብራ፤ መጋረጃና የሕፃን ልብስ ግን ይራቅ።

ለጨዋታውም ገንዘብ አያስፈልግም። አያት ወይም አጎት ተረት ያውራ፤ ታላላቆቹ ልጆች እንቆቅልሽ ይጠያየቁ። ከዚያም ዋናው ሥራ ይከተላል። ልጁ በበሩ መቃን አጠገብ ቆሞ ቁመቱ በእርሳስ ይመልከት። ለዚሁ በተዘጋጀ ደብተር ላይ ቀኑ፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ የወንጌላዊው ዘመን፣ የክርስትና ስሙና በቤቱ የተገኙት ሰዎች ስም ይጻፍ፤ መጻፍ የሚችሉት ይፈርሙበት። የልደት ምስክር ወረቀቱ ግልባጭም በዚያው ደብተር ውስጥ ይቀመጥ። አራት የወንጌላውያንን ዘመን የመረመረ አባት ደግሞ ራሱን ሊያርም ይችላል፤ 5500ን በዓመተ ምሕረቱ ላይ ደምሮ ለአራት ሲያካፍለው አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው።

ይህ ሒሳብ በተለይ የሚያስፈልጋቸው አንዳንድ ልጆች አሉ። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን የራሱን ቀን መልሶ የሚያገኘው በ2019 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ወላጆቹ በጳጉሜን 5 ቢያከብሩለት ይሻላል፤ ወደ መስከረም 1 ያሳለፉት እንደ ሆነ የእንቍጣጣሽ ዳቦ ከእርሱ ዳቦ ጋር ይደባለቅና ሕፃኑ የትኛው ለእርሱ እንደ ተቈረሰ ሳያውቅ ይቀራል።